ሃንስ ኩመር፦ የኤረር ጎታን ዝንጀሮዎች ያጠኑት ፕሮፌሰር

ሃንስ ኩመር (1930–2013) ስዊዘርላንዳዊ የሥነ እንስሳት ፕሮፌሰር ነበሩ። ያስተማሩት በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስማቸው በዋናነት የሚነሳው ግን ከአንድ እንስሳ ጋር ነው፤ ሐማድርያስ ከሚባለው ዝንጀሮ ጋር። ይህን ዝንጀሮ በዱር ለማጥናት የመረጡት ቦታ ደግሞ የእኛው ኤረር ጎታ ነው። ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ፣ በአሮጌው የባቡር መስመር ላይ የምትገኘው ከተማ አካባቢ ማለት ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የእንስሳት ባህሪና ዝግመተ ለውጥ የሚያጠና ሰው በየትኛውም አገር ይሁን፣ ስለ ኤረር ጎታ ዝንጀሮዎች ማንበቡ አይቀርም። እኛ ዘንድ ግን ታሪኩን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

ከአጥሩ ውጭ የተቀመጠው ተማሪ

የኩመር ሥራ የጀመረው አፍሪካ ውስጥ አይደለም። በ1950ዎቹ የዙሪክ የእንስሳት ማቆያ ዳይሬክተር ሃይኒ ሄዲገር ነበሩ። ሄዲገር እንስሳት በማቆያ ውስጥ እንዴት መኖር እንዳለባቸው ራሱን የቻለ የጥናት ዘርፍ ያደረጉ ሰው ናቸው። ኩመር የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በእሳቸው ሥር ሲሆን፣ የተመደበላቸውም በማቆያው የነበረው የሐማድርያስ ቡድን ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል። መቀመጥ፣ ማየት፣ መጻፍ። ማን ወደ ማን ሄደ? ማን ማንን ቀመለ? ማን ሸሸ?

ውጤቱ በ1957 ታተመ። ከዚያ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ አንድ ግኝት አለ። አንዲት ሴት ዝንጀሮ ከሌላዋ ጋር ስትጣላ በቀጥታ አትጋጭም። መጀመሪያ ሮጣ ወንዱ ፊት ትሄዳለች። ጀርባዋን ለእሱ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ተቀናቃኟ አዙራ ትዝታለች። አሁን ተቀናቃኟ ተቸገረች። መልሳ ብትዝት ዛቻው ወንዱ ላይ የተወረወረ ይመስላል። ወንዱ ከተቆጣ ደግሞ ቁጣው የሚያርፈው ራቅ ብላ ፊት ለፊት የቆመችው ላይ ነው። ኩመር ይህን ከለላ ያለው ዛቻ ብለው ጠሩት።

ዛሬ ይህ የታወቀ ነገር ነው። በዚያን ጊዜ ግን የእንስሳት ጠብ የሚታየው እንደ ሁለት አካላት ጉዳይ ነበር፤ ጠንካራው ያሸንፋል፣ ደካማው ይሸሻል። ኩመር ግን ያዩት ሦስት አካላትን ነው። ሴቲቱ የምታሰላው የራሷን ጉልበት ብቻ ሳይሆን በሌሎች ሁለት እንስሳት መካከል ያለውንም ነገር ነው። ቀሪው የሙያ ዘመናቸው በአመዛኙ ይህን ሐሳብ የመከተል ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የለንደኑ ጥፋት

ከኩመር በፊት ስለ ሐማድርያስ የነበረው እውቀት የመጣው ከለንደን ነው። በ1925 የለንደን የእንስሳት ማቆያ ሰው ሠራሽ ኮረብታ ሠርቶ ወደ 100 የሚጠጉ ሐማድርያሶችን አንድ ላይ ለቀቀ። ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ወንዶች ነበሩ። የመጡት ከተለያየ ቦታ ተይዘው ስለሆነ እርስ በርስ አይተዋወቁም። ቆይቶ ሴቶች ተጨመሩ። የሆነው እልቂት ነው። ወንዶቹ በሴቶቹ ላይ ተጣሉ፣ ሴቶቹም በመሃል ተጎተቱ። ከሞቱት 33 ሴቶች ውስጥ 30ዎቹ የሞቱት በጠቡ ነው።

ይህን የመዘገቡት ሶሊ ዙከርማን በ1932 ባሳተሙት መጽሐፍ ትልቅ መደምደሚያ ላይ ደረሱ፦ የዝንጀሮን ማኅበር አንድ ላይ የሚያስተሳስረው የግብረ ሥጋ ፍላጎት ነው። መደምደሚያው ለረጅም ጊዜ ተቀባይነት አግኝቶ ቆየ። እስቲ አስቡት፤ የማይተዋወቁ ወንዶችን በጠባብ ግቢ አጭቆ፣ ጥቂት ሴቶች ጨምሮ፣ ከዚያ ስለ ዝንጀሮ ተፈጥሮ መደምደም! ኩመር ግን ዙሪክ ላይ ያዩት ሌላ ነገር ነው። እያንዳንዱ ጎልማሳ ወንድ የራሱን ሴቶች ይዞ፣ በሌላው ላይ ሳይደርስ ይውላል። የትኛው ነው እውነተኛው ሐማድርያስ? መልሱ ያለው ዝንጀሮው በሚኖርበት አገር ነው።

ኤረር ጎታ

በ1960 ኩመር ከባልደረባቸው ከፍሬድ ኩርት ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ጥናቱ ወደ 1961 ተሻገረ። የኤረር ጎታን አካባቢ የሚያውቅ ሰው ምድሩን መገመት አይቸግረውም። ቆላ ነው። ግራርና እሾህ፣ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ሆነው የሚቆዩ የአሸዋ ወንዞች፣ እዚህም እዚያም ብቅ ያሉ ገደሎች። ከብትና ግመል የሚያረቡ ሰዎች የሚኖሩበት አገር ነው። ዝናቡ ትንሽ ስለሆነ ምግቡም የተበታተነ ነው። ዝንጀሮዎቹ የግራር አበባና ፍሬ፣ የሣር ዘርና ሥር ሲለቅሙ ይውላሉ። ለዚህም በቀን ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዙ ይችላሉ።

ቁልፉ ነገር ግን ማደሪያው ነው። በዚያ አገር ከነብር የሚያስጥል ትልቅ ዛፍ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የሚታደረው ገደል ላይ ነው። ጥሩ ገደል ደግሞ ጥቂት ነው። “መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ” የሚለው አባባላችን እዚህ ቃል በቃል ይሠራል። ማታ ላይ በአንድ ገደል ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዝንጀሮዎች ይሰበሰባሉ። ጠዋት ደግሞ ይበተናሉ።

ኩመርና ኩርት ያደረጉት ይህን መሰብሰብና መበተን በትዕግሥት መከታተል ነው። ወዲያው ግልጽ የሆነው ነገር መንጋው ዝርክርክ ያልሆነ መሆኑ ነው። እንደ ለንደኑ የሚጫረስ ሕዝብ አይደለም። ነገር ግን እንደ ብዙዎቹ የአፍሪካ ዝንጀሮዎች አንድ ወጥ ቡድንም አይደለም። በውስጡ ሌላ ቡድን አለ፣ በዚያም ውስጥ ሌላ።

መሠረቱ ቤተሰብ ነው፦ አንድ ጎልማሳ ወንድ፣ አንዲት ወይም ከዚያ በላይ ሴቶች፣ ግልገሎች። ወንዱ ከሴቷ እጥፍ ገደማ ይመዝናል። ከትከሻው እስከ ወገቡ የሚወርድ ነጣ ያለ ግራጫ ጎፈር አለው፤ ከሩቅ ሲታይ ካባ የለበሰ ይመስላል። ሴቶቹን ሁልጊዜ በዓይኑ ይከታተላል። አንዷ ዘግየት ካለች ቅንድቡን አንስቶ ያፈጥባታል። አሁንም ካልመጣች ሮጦ ማጅራቷን ይነክሳታል። የሚገርመው የተነከሰችው አትሸሽም፤ ነካሹን ተከትላ ትመጣለች።

ቤተሰቦች ተሰባስበው አብረው የሚጓዙ ቡድን ይሆናሉ። ቡድኖች ደግሞ ገደሉ ላይ ሲገናኙ መንጋ ይሆናሉ። በ1970ዎቹ የኩመር ተማሪ ዣን ዣክ አቤግለን አንድ ተጨማሪ ደረጃ አገኙ። በቤተሰብና በቡድን መካከል ጎሳ አለ፤ ዝምድና ያላቸው የሚመስሉ ወንዶች ከነቤተሰባቸው ተቀራርበው የሚኖሩበት። ባለ አራት ፎቅ ማኅበር ማለት ነው። ከሰው በቀር ይህን ያህል የተደራረበ ማኅበር ያላቸው እንስሳት ጥቂት ናቸው። ሐማድርያስ በሰው ልጅ ማኅበር አመጣጥ ላይ በሚደረጉ ክርክሮች ሁሉ ስሙ የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው።

የዙከርማን መደምደሚያ የፈረሰውም እዚሁ ነው። ሴቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ያረገዙ ወይ የሚያጠቡ ናቸው። ለመራባት ዝግጁ የሚሆኑባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። ቤተሰቡ ግን ዓመቱን ሙሉ አይበተንም። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ደግሞ ወጣቱ ወንድ ቤተሰብ የሚመሠርትበት መንገድ ነው። ገና ያልደረሰች ጨቅላ ሴት ከእናቷ አጠገብ ይወስዳል። ያቅፋታል፣ ያዝላታል፣ ይቀምላታል፤ አስቸጋሪ ቦታ ላይ ያሻግራታል። እናት ነው የሚመስለው። ለመራባት የምትደርሰው ከዓመታት በኋላ ነው። ትስስሩ ግን ዛሬውኑ ተጀምሯል። (አንባቢ እዚህ ላይ ጠለፋ ትዝ ሊለው ይችላል። ሰውን በዝንጀሮ ለመዳኘት መቸኮል ግን ዙከርማን የሄዱበትን መንገድ መድገም ነው።)

ወንዶች በተወለዱበት ጎሳ ይቆያሉ፤ ከቤተሰብ ቤተሰብ የሚዘዋወሩት ሴቶች ናቸው። በብዙዎቹ የአፍሪካ ዝንጀሮዎች ዘንድ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፦ ሴቶቹ ከእናትና ከእህት ጋር ይቀራሉ፣ ወንዶቹ ይሄዳሉ። ያረጀ ወንድ በሌላ ወንድ ቤተሰቡን ሲነጠቅ ሰውነቱ በፍጥነት ይከሳል፣ ጎፈሩም ውበቱን ያጣል። ነገር ግን አይባረርም። ከጎሳው ጋር ይቀራል፣ ልጆቹ አጠገብ ይውላል፣ ጉዞ ወዴት እንደሚሆን በመወሰንም ድርሻ ይኖረዋል።

ሁለቱ ወንዶችና አንዲቷ ሴት

ጎን ለጎን የሚኖሩት እነዚህ ወንዶች ትልልቅ ጥርስ አላቸው። ሴቶቹ በዓይን ፊት ናቸው። ለምን አይጋደሉም? ይህ ጥያቄ የኩመርን በጣም የታወቀ ሙከራ ወለደ።

ሙከራውን ከቫልተር ጎትስና ከቫልተር አንግስት ጋር ሠርተው በ1974 አሳተሙት። ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንድ መንጋ የሆኑ፣ የሚተዋወቁ ሁለት ወንዶች ይያዛሉ። አንዲት ሁለቱም የማያውቋት ሴት ትመጣለች። አንደኛው ወንድ ከእሷ ጋር ይገባል። ሁለተኛው ከሌላ አጥር ውስጥ ሆኖ ያያል። ሩብ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ተመልካቹ ወደ እነሱ እንዲገባ ይደረጋል።

ሁለተኛው ወንድ አይጣላም። ከዚያ አልፎ እነሱን ማየት እንኳን ይሸሻል። ጥግ ይይዛል፣ ጀርባውን ያዞራል፣ ሰማይ ያያል፣ ገላውን ያካል፣ መሬት ላይ ያለ ጠጠር በጣቱ ይገላብጣል። ያፈረ እንግዳ ይመስላል። ሙከራው ከሌላ ሴት ጋር ተገልብጦ ሲሠራ ደግሞ ያው አፋሩ ወንድ ባለቤት ይሆናል፣ የቀድሞው ባለቤት ጥግ ይይዛል። ስለዚህ ጉዳዩ የጉልበት ብቻ አይደለም። ቀድሞ አብሮ መታየት በራሱ መብት ይሰጣል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛ፣ ይህ የሚሠራው በሚተዋወቁ ወንዶች መካከል ነው። ለንደን ላይ የሆነው ምን እንደነበር አሁን ይገባናል። የተሰበሰቡት ወንዶች ባዕዶች ነበሩ፤ እርስ በርስ የሚከባበሩበት ነገር ገና አልተፈጠረም። ሁለተኛ፣ ተመልካቹ ወንድ በሌላ ሰዓት ያንኑ ባለቤት ከምግብ ላይ ሊያባርረው የሚችል ጠንካራ ሊሆን ይችላል። ከሴቲቱ ጋር ሲያየው ግን ይተወዋል።

የምርምር ዋጋው የሚታየው ግን ጥያቄው እዚያ ባለመቆሙ ነው። ሴቲቱስ? ምርጫ የላትም? በ1980 ክርስቲያን ባህማንና ኩመር ይህን ጠየቁ። መጀመሪያ ሴቲቱ ከየትኛው ወንድ አጠገብ መሆን እንደምትወድ በጸጥታ ተለካ፤ ወንዶቹ በየክፍላቸው ተዘግተው እሷ በፈለገችው በኩል ትቀመጣለች። ከዚያ ዋናው ሙከራ ተሠራ። ሴቲቱ ባለቤቷን በጣም የምትወድ ከሆነ ተቀናቃኙ ይተወዋል። ብዙም የማትወደው ከሆነ ግን፣ በተለይ ተቀናቃኙ የበላይ ከሆነ፣ ይሞክራል። ተቀናቃኙ ከአጥር ውጭ ሆኖ የሚያየው የወንዱን ጉልበት ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ የሴቲቱንም ልብ ጭምር እንጂ። ለእኔ ከኩመር ሥራዎች ሁሉ ምርጡ ይህ ነው። አጥር፣ ሦስት ዝንጀሮና ሰዓት ይበቃዋል። መልሱ ግን ስለ እንስሳት አእምሮ ብዙ ይናገራል።

ከአንዱ መንጋ ወደ ሌላው

ሌላው ደፋር ሙከራ በ1960ዎቹ መጨረሻ የተሠራው የማዛወር ሥራ ነው። በኢትዮጵያ ሁለት ዓይነት የዚህ ዘር ዝንጀሮዎች ይገናኛሉ፦ ቆላው ላይ ሐማድርያስ፣ ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ አኑቢስ። የአኑቢስ ሴት የአንድ ወንድ አይደለችም፤ እንደ ፈለገች ትሄዳለች። ኩመርና ባልደረቦቻቸው የአኑቢስ ሴቶችን ይዘው ሐማድርያስ መንጋ አጠገብ ለቀቁ። የሐማድርያስ ሴቶችንም ወደ አኑቢስ ወሰዱ።

የሐማድርያስ ወንዶች የአኑቢሶቹን ሴቶች ወዲያው ያዙ። አኑቢሶቹ ሲሸሹ ተነከሱ፤ በሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ግን ብዙዎቹ ንክሻ የሚቀረው ነካሹን በመከተል መሆኑን ተማሩ። በተቃራኒው በኩል የተለቀቁት የሐማድርያስ ሴቶች የሚነክሳቸው ስላላገኙ አንድን ወንድ መከተል በቶሎ ተዉ። የሴቶቹ ባህሪ እንግዲህ በአብዛኛው ከሁኔታው የሚማሩት ነው። ወንዶቹስ? የሐማድርያስ ወንድ ማንንም ሴት እንደ እረኛ ያግዳል፣ የአኑቢስ ወንድ ግን አያግድም። ኩመር የሁለቱ ማኅበሮች ልዩነት ሥሩ በወንዶቹ ውርስ ባህሪ ላይ ነው ወደሚል ግምት ሄዱ።

ለዚህ ግምት ተፈጥሮ ራሷ ያዘጋጀችው መፈተኛ አለ፤ አዋሽ። ከፏፏቴው በላይ አኑቢስ፣ ከታች ሐማድርያስ፣ በመሃል ዲቃሎች ይኖራሉ። የኩመር ተማሪ ኡሊ ናግል በ1973 ባሳተሙት ጥናት ዲቃሎቹ በመልክም በባህሪም መሃል ላይ እንደሆኑ አሳዩ። ዲቃላ ወንድ ማገድ ይሞክራል፣ ግን እንደ ሐማድርያሱ አይሳካለትም። ከዚያ ወዲህ ክሊፎርድ ጆሊና ጄን ፊሊፕስ ኮንሮይ ይህን የአዋሽ ድንበር ለአሥርተ ዓመታት አጥንተዋል። አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ዛሬ በዓለም ላይ ስለ መዳቀልና ዝግመተ ለውጥ ከሚጠቀሱ ቦታዎች አንዱ ነው።

በዚህ ላይ ጭላዳን መጨመር ያስፈልጋል። የሰሜን ጭላዳም አንድ ወንድና ብዙ ሴቶች ያሉበት ቤተሰብ አለው። ከሩቅ ሲያዩት ከሐማድርያስ ጋር አንድ ይመስላል። ውስጡ ግን ሌላ ነው። ጭላዳን የሚያስተሳስረው የሴቶቹ ዝምድና ነው፤ እናት፣ እህትና ልጅ አብረው ይኖራሉ፣ ወንዱ መጥቶ ሂያጅ ነው። ኩመር በማቆያ ባሉ ጭላዳዎች ላይም ሠርተዋል። የማይተዋወቁ ጭላዳዎች ሲገናኙ ነገሩ በቅደም ተከተል እንደሚሄድ አሳይተዋል፤ መጀመሪያ ጠብ፣ መጨረሻ ላይ መቀማመል። አንድ ዓይነት የሚመስል ማኅበር በሁለት የተለያዩ መንገዶች ሊፈጠር ይችላል፤ ይህን ለማሳየት ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ዝንጀሮዎች ይበቃሉ።

ጠዋት ገደሉ ሥር

ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ዝንጀሮዎቹ ወዲያው አይሄዱም። ገደሉ ላይ ተቀምጠው ይቆያሉ። አንድ ወንድ ተነስቶ ጥቂት ርቀት ወደ ሰሜን ይሄዳል፣ ይቀመጣል። ሌሎች ከኋላው ይጠጋሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ሌላው ይሞክራል። መንጋው በአንድ ወገን ይረዝማል፣ ይሰበሰባል፣ በሌላ ወገን ይረዝማል። ወንዶች እርስ በርስ እየተጠጉ ጀርባ ያሳያያሉ፣ ይመለሳሉ። በመጨረሻ አንድ አቅጣጫ ያሸንፍና ሁሉም ይነሳል።

ኩመር ሁለት ወንዶች ያሉበትን ጉዞ ሲከታተሉ የሥራ ክፍፍል አገኙ። ፊት ፊት የሚሄደው ወጣቱ ሐሳብ ያቀርባል። ከኋላ ያለው ሽማግሌ ይወስናል። ሽማግሌው ካልተነሳ ወጣቱ ይመለሳል። ሌላው ተማሪያቸው አሌክሳንደር ሽቶልባ ይህን አጠናከሩት። ጠዋት የሚመረጠው አቅጣጫ ቀትር ላይ የሚገናኙበትን ውሃ የሚያመለክት ይመስላል፤ ቡድኑ በመሃል ተበታትኖ ቢውል እንኳን ውሃው ላይ ይገናኛል። ይህ ሰው ዘንድ ቢሆን ቀጠሮ ይባላል።

የዙሪክ ዓመታት

ኩመር በ1960ዎቹ ለጥቂት ዓመታት በአሜሪካ ሉዊዚያና በሚገኝ የጦጣና ዝንጀሮ ምርምር ማዕከል ሠርተዋል። ከዚያ ወደ ዙሪክ ተመለሱና እስከ ጡረታቸው እዚያ ቆዩ። የኤረር ጎታው የረጅም ጊዜ ጥናት በ1970ዎቹ ተማሪዎቻቸው እየተተካኩ ቀጠለ። በ1977 የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት እዚያው ድሬዳዋ አካባቢ ሲደርስ አበቃ።

መስኩ ሲዘጋ ጥያቄዎቹ ዙሪክ ላይ ቀጠሉ፤ በዚህ ጊዜ ረጅም ጅራት ባላቸው የእስያ ማካክ ጦጣዎች ላይ። ኤድዋርድ ሽታምባህ አንድ የበታች ጦጣን ፈንዲሻ የሚለቅ መሣሪያ ማንቀሳቀስ አስተማሩ። መሣሪያውን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም፣ ፈንዲሻው ግን ለሁሉም ይበቃል። መጀመሪያ የበላዮቹ እየገፉ አባረሩት፤ ፈንዲሻ ቀረ። ቀስ በቀስ ተማሩ። ባለሙያው ሲሄድ ተከትለውት ይሄዳሉ፣ ሳያስፈራሩት ይጠብቃሉ፣ ከቀድሞው ይልቅ ይቀምሉታል። ማዕረጉ ግን አልተለወጠም። የመሥሪያ ቤት ሕይወት የሚያውቅ ሁሉ ይህን ውጤት ሲያነብ ፈገግ ይላል።

ቬሬና ዳሰር ደግሞ በ1988 ባሳተሙት ሙከራ ጦጣዎች የቡድናቸውን አባላት ፎቶ አይተው እናትና ልጅ የሆኑትን ከሌሎቹ መለየት እንደሚችሉ አሳዩ። ማሪና ኮርድስና ሲልቪ ቱርንሄር ጦጣዎችን ጥንድ ጥንድ አድርገው፣ አንድ ላይ ካልሆኑ ምግብ እንዳያገኙ አሠለጠኑ። እነዚህ ጥንዶች ከተጣሉ በኋላ የሚታረቁበት መጠን ከበፊቱ ሦስት እጥፍ ገደማ ሆነ። የሚጠቅምህን ሰው ቶሎ ታረቅ የሚለው ምክር እነሱም ዘንድ ይሠራል።

ሃያ ደቂቃ፣ ሁለት ሜትር

ስለ እንስሳት ማታለል ሲጻፍ ሁልጊዜ የሚነሳ አንድ የኩመር ትዝብት አለ። አንዲት ሐማድርያስ ተቀምጣ፣ በተቀመጠችበት ቀስ እያለች ወደ ጎን ትንፏቀቃለች። ሁለት ሜትር ያህል ለመሄድ 20 ደቂቃ ፈጀባት። የደረሰችው ከአንድ ድንጋይ አጠገብ ነው፤ ከድንጋዩ ጀርባ አንድ ወጣት ወንድ ተደብቋል። እሷም ትቀምለው ጀመር። ባሏ ካለበት ቦታ ሲታይ ጀርባዋና ራስዋ ይታያል። እጇና ወጣቱ ግን አይታዩም።

ታሪኩን የሚተርከው ሰው ብዙውን ጊዜ ሴቲቱ ባሏ የሚያየውን በአእምሮዋ ሥላ ነው ብሎ ይደመድማል። ኩመር ከዚህ ይጠነቀቃሉ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ መቀመጥ ንክሻ እንደማያመጣ በልምድ ተምራ ሊሆን ይችላል። አንድ ትዝብት ጥያቄ ያነሳል እንጂ መልስ አይሰጥም። በዚህ ላይ ያላቸው ጥንቃቄ ከዙከርማን ችኮላ ጋር ሲነጻጸር የሁለቱን ሰዎች ልዩነት ያሳያል።

ከኩመር በኋላ

የጥንት ግብፃውያን ሐማድርያስን የጥበብ አምላካቸው የቶት ምልክት አድርገው ያከብሩት ነበር፤ አስከሬኑንም ያደርቁ ነበር። በግብፅ ግን ሐማድርያስ በዱር አይገኝም። በ2020 የታተመ የኬሚካል ምርመራ አንዳንዶቹ አስከሬኖች ከአፍሪካ ቀንድና ከቀይ ባሕር ደቡብ አካባቢ የመጡ መሆናቸውን አመለከተ። በ2023 ደግሞ የዘረ መል ጥናት ምንጩን ወደ አዱሊስ አካባቢ አቀረበው፤ የአክሱም መንግሥት ወደብ ወደነበረው። ሐማድርያስ ከባሕሩ ማዶም ይኖራል። ሳውዲ አረቢያ የኖሩ ወገኖቻችን በጣይፍ መንገድ ዳር ሲለምን ያዩታል። ኩመርም በ1980ዎቹ ከሳውዲ ተመራማሪዎች ጋር የዚያኛውን ዝንጀሮ ከኢትዮጵያው ጋር አነጻጽረዋል።

በኩመር ሥራ ላይ የሚነሳው ዋና ትችት ሴቶቹን ይመለከታል። በእሳቸው ጽሑፎች ውስጥ የሐማድርያስ ሴት በአብዛኛው የምትከተል፣ የምትነከስ፣ የምትወሰድ ናት። የ1980ው ሙከራ ይህን በከፊል አርሞታል፤ ግን በከፊል ብቻ ነው። አሜሪካዊቷ ላሪሳ ስዌደል ከ1996 ጀምረው በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሰሜናዊ ክፍል፣ በፊልውሃው ሥፍራ በፊሎሃ፣ ሥራውን ከሴቶቹ ጎን ጀመሩት። እዚያ ያሉት ሐማድርያሶች በዘንባባ ፍሬ ብዙ ይመገባሉ፤ የሚያድሩት ግን ያው ገደል ላይ ነው። ስዌደል ሴቶቹ ከሌሎች ሴቶች ጋር የራሳቸው ወዳጅነት እንዳላቸው፣ ከቤተሰባቸው ውጭም እንደሚገናኙ አሳዩ። አንድ ወንድ የሌላውን ቤተሰብ ሲነጥቅ ደግሞ የሚያጠቡ እናቶች ግልገሎች አደጋ ላይ እንደሚወድቁ መዘገቡ። ሴቲቱ ለምን ወንዱን ትከተላለች የሚለው ጥያቄ አሁን የሚታየው በዚህ በኩልም ነው፤ ማጅራቷን የሚነክሰው ወንድ፣ ልጇን ከሌሎች ወንዶች የሚጠብቅላትም እሱ ነው።